የቴክኒክ ሠራተኛ መቅጠሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ጎንደር ላይ ለምትቀጥሩ ዝርዝር መመሪያ

ባለፉት ሁለት ዓመታት እዚህ ጎንደር ካሉ ድርጅቶች አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልልኛል። የአመልካች መከታተያ ሶፍትዌር ገዝተዋል፣ ሠራተኛ አሠልጥነዋል፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ተመልሰው ኤክሴልና ቴሌግራም ላይ ናቸው። ገንዘቡ ሄዷል። አመልካቾቹም ግማሾቹ ሶፍትዌሩ ውስጥ፣ ግማሾቹ የአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ተበትነው ቀርተዋል።

ስጠይቃቸው ያጠፉት ሁሌ አንድ ነገር ነው። የመረጡት ሻጩ የደረደረውን ዝርዝር እያነበቡ ነው። የራሳቸውን አመልካቾች ሲቪ አስገብተው አልሞከሩትም። ስለዚህ ከታች ያለው በሙሉ የሚያጠነጥነው ያለፈ አንድ ቅጥራችሁን እንደገና በሶፍትዌሩ ውስጥ በማሳለፍ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ደረጃ 1ን ዘልሎ ደረጃ 5 ላይ የደረሰ ሰው ተመልሶ ከመጀመሪያው ሲጀምር ነው የማየው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

በዓመት ከአምስት ሰው በላይ ካልቀጠራችሁና ለአንድ መደብ የሚያመለክተው ከ40 ሰው ካልበለጠ አትግዙ። ይህ ከሥራዬ ያወጣሁት የራሴ ልክ ነው። ለእናንተ አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይበቃችኋል። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ስም እስከ አያት፣ ስልክ፣ መደብ፣ ያለበት ደረጃ፣ ወደዚያ ደረጃ ያሳለፈው ሰው፣ ቀን፣ ቀጥሎ የሚደረገው። "ያሳለፈው ሰው" የምትለዋን አትተዉ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እሷ ስትጎድል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙዎች ሰንጠረዡን ከጉግል ፎርም ጋር ያገናኙታል። ጥሩ ነው። ግን ፎርሙ ላይ ፋይል መጫኛ ጥያቄ ካስገባችሁ አመልካቹ የግድ በጉግል አካውንቱ መግባት አለበት። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብሎ የሚሞላ ልጅ የይለፍ ቃሉ ከጠፋው እዚያው ይቀራል፣ እናንተም መቅረቱን አታውቁም። ሲቪውን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ተቀበሉ፤ ፎርሙ ላይ መረጃ ብቻ ይሙሉ።

ሶፍትዌር እንደሚያስፈልጋችሁ የምታውቁት ደግሞ እንዲህ ነው። ለአንድ አመልካች ሁለት ሰው ደውሎ የተለያየ ቀጠሮ ሲሰጠው። የፈተና ውጤት በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ቢሮ ለቢሮ ስትዞሩ። አምና ሁለተኛ የወጣውን ጎበዝ ልጅ ዘንድሮ ፈልጋችሁት ስልኩን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ።

አዘጋጁ

- አንድ ላፕቶፕ፣ እና ከአመልካቾቻችሁ ስልክ ያልተሻለ አንድ መካከለኛ ስልክ
- የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም
- ሁለት ሰው፦ አንድ ከሰው ሀብት፣ አንድ ከቴክኒክ ክፍሉ
- ሁለት ሙሉ የሥራ ሳምንት። ከጥምቀት ሳምንት ጋር አታጋጩት፤ በዚያ ሰሞን እንኳን ሶፍትዌር መፈተን፣ ቢሮ መግባትም ይከብዳል።

ደረጃ 1። ያለፈ ቅጥር ፋይል አውጡ

1. በቅርቡ የዘጋችሁትን አንድ የቴክኒክ መደብ ምረጡ። ፕሮግራመር ይሁን፣ የኔትወርክ ባለሙያ ይሁን፣ የጥገና ቴክኒሻን፣ ለውጥ የለውም። የተቀጠረው ሰው ጎበዝ ሆኖ የተገኘበት ቢሆን ይመረጣል። ሶፍትዌሩ ያንን ሰው ይጥለው እንደሆነ ማየት ትችላላችሁና።

2. 30 ሲቪ ለዩ። ያማሩትን ብቻ እንዳትመርጡ። ውስጣቸው የሚከተሉት ይኑሩ፦
- በስልክ ፎቶ ተነስቶ የተላከ
- ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ
- በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ
- አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት
- የምረቃ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስቀመጠ
- ሲቪ ሳይልክ የጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ሊንክ ብቻ የላከ
- ሁለት ጊዜ ያመለከተ ያው አንድ ሰው

3. ስምና ስልክ ቀይሩ። የሰው ሲቪ ለሙከራ ብላችሁ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ስሙን ስትቀይሩ ቅርጹን ግን አትንኩ፤ ሦስት ስም የነበረው ሦስት ስም ይኑረው፣ ስልኩ በ09 ከጀመረ በ09 ይጀምር። ስካን የሆኑትን አትሙ፣ ስሙ ላይ ሌላ ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ለጥፉ፣ መልሳችሁ ስካን አድርጉ። አሰልቺ ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

4. የመልስ ወረቀት ሥሩ። ለእያንዳንዱ ሲቪ ትክክለኛውን ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ የልምድ ዓመትና ያኔ እስከየት እንደደረሰ በእጃችሁ ጻፉ። ሶፍትዌሩን የምታርሙት በዚህ ወረቀት ነው።

30 ሲቪ ካልተገኘ በ15 ጀምሩ። ከ15 ካነሰ ግን የሚሳሳትበት ቦታ አይታያችሁም፤ ሌላ መደብ ጨምሩበት።

ደረጃ 2። የቅጥር መንገዳችሁን በወረቀት ሳሉ

ከውጭ የሚመጡት ሶፍትዌሮች ሲከፈቱ አምስት ስድስት ደረጃ ይዘው ነው። አመለከተ፣ ተመለመለ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የሥራ ግብዣ፣ ተቀጠረ። የእኛ አገር ቅጥር እንዲህ አጭር አይደለም። ምዝገባ አለ፣ የሰነድ ማጣሪያ አለ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ኦሪጅናል ማመሳከር፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ዋስ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ፣ ውል፣ የሙከራ ጊዜ። ተጠባባቂም አለ።

በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ እነዚህን ደርድሩ። በእያንዳንዱ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ያሳልፋል፣ በስንት ቀን፣ ምን ወረቀት ይወጣል። ሁለቱ ሰዎቻችሁ ለየብቻ ይሳሉት፣ ከዚያ አስተያዩ። ካልተመሳሰለ እዚህ ላይ ቁሙ። ሁለት ሰው ያልተስማማበትን መንገድ ሶፍትዌር አያስማማም።

ለቴክኒክ መደብ የሚከተሉትን የመረጃ ቦታዎች ጨምሩ፦
- የመውጫ ፈተና ውጤት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመረቁት ነው፤ ከዚያ በፊት የተመረቀውን ፎርሙ በግድ እንዳይጠይቀው።
- ለቴክኒክና ሙያ ተመራቂዎች የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ደረጃ
- ማስረጃው ቴምፖ (ጊዜያዊ) ነው ወይስ ዋናው ዲግሪ
- የሥራ ናሙና ሊንክ

የሙከራ ጊዜውን አትርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። ብዙ ቦታ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው "ለካ አልገመገምነውም" የሚባለው። ሶፍትዌሩ በ45ኛው የሥራ ቀን ለቴክኒክ ኃላፊው ማስታወሻ መላክ አለበት። ይህን የማይችል ከሆነ መዝግቡት፣ የሚጥለው ግን አይደለም፤ የስልክ አስታዋሽም ይሠራል።

ደረጃ 3። የሚጥሉትን ጥያቄዎች ለዩ

የሻጩ ገጽ ላይ መቶ ነገር ተዘርዝሯል። እናንተን ግን ስድስት ነገር ነው የሚያስቸግራችሁ። አንዱን እንኳ ካላለፈና ሻጩ መላ ካልሰጣችሁ ተዉት።

ሀ. ስም

ፎርሙ "የመጀመሪያ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሌላው ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ከዚያ "ውድ ከበደ" የሚል ደብዳቤ ለአመልካቹ ሳይሆን ለአባቱ የተጻፈ ይመስላል። የስም ቦታውን ወደ ሦስት መቀየር ይቻላል? ደብዳቤው የራሱን ስም ብቻ አንስቶ መጻፍ ይችላል? ይህን ፈትኑ።

ድግግሞሽንም ተመልከቱ። አንድ ጸሐይ በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ትመጣለች። ሶፍትዌሩ ያው ሰው መሆኗን የሚለየው በስም ከሆነ አይለያትም። በኢሜይል ብቻ ከሆነም ይሳሳታል፣ ምክንያቱም የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው ዘወትር አዲስ ኢሜይል ይከፍታል። በስልክ ቁጥር የሚያመሳስል ፈልጉ።

ለ. ዘመን አቆጣጠር

ይኼ ትልቁ ጉድጓድ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። ከ0 እስከ 3 ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ የጀማሪ ፕሮግራመር መደብ ማስታወቂያ አወጣን፤ ሶፍትዌሩ ሲቪውን ራሱ አንብቦ የልምድ ዓመት እንዲያሰላ ተደርጎ ነበር። ማጣሪያው አልቆ ስናይ የቀሩት ልጆች ጥቂት ናቸው። ነገሩ ሲመረመር፣ በ2015 ዓ.ም. የተመረቀውን ልጅ ሁሉ ሶፍትዌሩ በፈረንጆች 2015 አድርጎ ቆጥሮታል። አሥር ዓመት የሠራ ሰው አስመስሎት "ለመደቡ ከሚገባው በላይ ልምድ አለው" ብሎ ጥሎታል። ጣሏቸው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ማንም አላየውም። ዝም ብሎ ነው የጣላቸው።

ስለዚህ፦
1. ልምድን ከሲቪ ላይ ራሱ የሚያሰላውን ነገር አጥፉት። የማይጠፋ ከሆነ ለመጣያ እንዳይሠራ አድርጉ።
2. በፎርሙ ላይ በቀጥታ ጠይቁ፦ "ከተመረቁ በኋላ በሙያው ስንት ዓመት ሠሩ?" ቁጥር ብቻ ይጻፍ።
3. የምረቃ ዓመት ስትጠይቁ ሁለት ቦታ አድርጉት፤ አንዱ ዓመቱ፣ ሌላው "በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር" የሚል ምርጫ።
4. የልደት ቀን ሙሉ ቀን አትጠይቁ። የውጭ ፎርም 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ በጳጉሜን የተወለደን ሰው ቀን እንዳለ አይቀበልም።

ሐ. ሰዓት

ሶፍትዌሩ የቃለ መጠይቅ ጥሪ ሲልክ "9:00" ብሎ ይልካል። አመልካቹ ያንን 9 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ጠዋት ትጠብቁታላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ እሱም ልክ ነው። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ልጅ "ቀጠሮህ አልፏል" ሲባል ማየት ያማል። የጥሪው ጽሑፍ በእጃችሁ የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ "ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት (በፈረንጅ 9:00)" ብላችሁ ጻፉት። የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አድርጉት፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሳይነካ ከተተወ የሻጩን አገር ሰዓት ይዞ ይቀራል።

መ. አማርኛ

አማርኛ መጻፍ መቻሉ አይበቃም። መፈለግ ይችላል ወይ? ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ብላችሁ ሦስት ሰው መዝግቡና በአንዱ ፈልጉ። አብዛኛው አንዱን ብቻ ያመጣል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንደዚያው ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስም ሳይሆን በስልክ ፈልጉ፣ ወይም ቢሮው አንድ አጻጻፍ ይወስን። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ሲቪ ደግሞ ሶፍትዌሩ ሲያነበው ትርጉም የሌለው ምልክት አድርጎ ነው የሚያወጣው። ይህ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም፣ ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ነው። ማስታወቂያው ላይ "ሲቪ በኒያላ ወይም በሌላ ዩኒኮድ ፊደል" ብላችሁ ጻፉ፣ የመጣውን ግን አትጣሉ፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ይሙላው።

ሠ. መልእክት

ኢሜይል ብቻ የሚልክ ሶፍትዌር እዚህ ግማሽ ሶፍትዌር ነው። ሰው የሚያየው ኤስኤምኤስና ቴሌግራም ነው። በኤስኤምኤስ መላክ ካልቻለ፣ ቢያንስ ለጥሪ የደረሱትን ሰዎች ስልክ በአንድ ዝርዝር አውጥቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በ09፣ በ07 እና በ+251 የተጻፉትን ቁጥሮች አንድ ዓይነት አድርጎ ያስቀምጣቸው እንደሆነም እዩ።

ረ. ደካማ መስመር

ላፕቶፑን ከቢሮ ዋይፋይ ንቀሉና በስልክ ዳታ ክፈቱት። ማራኪ ሆናችሁ ሞክሩ፣ አዘዞ ሆናችሁ ሞክሩ። የማመልከቻ ፎርሙን በመካከለኛው ስልክ ሙሉና መሃል ላይ ዳታውን አጥፉት። ስትመለሱ የሞላችሁት አለ? ከጠፋ አመልካቹም ይጠፋል። በዚህ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማናችንም አልረሳንም። የወረቀት ማመልከቻ ተቀብሎ ኋላ በእጅ ማስገባት የሚፈቅድ መሆን አለበት።

ደረጃ 4። ዓይነቱን ወስኑ

ሦስት መንገድ አለ።

በወር የሚከፈልበት የክላውድ አገልግሎት፣ ማለትም በሻጩ ሰርቨር ላይ ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራው። እንደ ግሪንሃውስና አሽቢ ያሉት በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው፣ የውጤት ካርድ (ጠያቂዎች ነጥብ የሚሞሉበት ቅጽ) አሠራራቸው ጠንካራ ነው፤ ለትንሽ ቢሮ ግን ይከብዳሉ። ዞሆ ሪክሩት ነጻ እርከን አለው፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ይመቻል።

በራሳችሁ ሰርቨር የሚጫን ክፍት ሶፍትዌር። ኦዱ ኮሚዩኒቲ የቅጥር ክፍል አለው። ፍራፔ ኤችአርም ከማስታወቂያ እስከ ሥራ ግብዣ ይዟል። ኦፕንካትስ ያረጀ መልክ አለው ግን በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በማሪያዲቢ (ዳታቤዝ) ላይ የሚሄድ ስለሆነ ብዙ ልጆች ያውቁታል። ፈቃዱ ነጻ ነው፤ ሥራው ነጻ አይደለም። ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያነሳ ሰው ስሙ ተጽፎ ካልተመደበ አትጀምሩ።

ሦስተኛው ሰንጠረዡ ነው፣ ከላይ ብየዋለሁ።

በዶላር ስለሚከፈለው አንድ ነገር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ውል የያዘ ቢሮ ሶፍትዌሩ አንድም ሳይሻሻል ሒሳቡ ወደ እጥፍ ተጠጋበት። ስለዚህ በጀቱን ስትይዙ የዛሬውን ምንዛሪ በአንድ ተኩል አባዙት። ሌላው፣ የሚከፍለው ካርድ የማን ነው? ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ተጀምሮ ካርዱ ሲያልቅ የተዘጋ አካውንት አይቻለሁ። በድርጅቱ ስም ካልሆነ አትጀምሩ።

ዋጋው በምን እንደሚቆጠርም ጠይቁ፤ በተጠቃሚ፣ በክፍት መደብ ወይስ በጠቅላላ የሠራተኛ ብዛት። 200 ሠራተኛ ኖሯችሁ በዓመት ስድስት ሰው ብቻ የምትቀጥሩ ከሆነ በሠራተኛ ብዛት የሚያስከፍለው ይጎዳችኋል።

ደረጃ 5። ሁለቱን ብቻ ፈትኑ

አምስት ሶፍትዌር አትፈትኑ። ሁለት ይበቃል። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው 30 ሲቪ።

1. ሰኞ፦ ደረጃ 2 ላይ የሳላችሁትን መንገድ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገንቡ። ሻጩ ይገንባላችሁ ቢል እምቢ በሉ። ዛሬ ራሳችሁ መገንባት ካልቻላችሁ ነገ ማስተካከልም አትችሉም።
2. ማክሰኞ፦ 30ውን ሲቪ አስገቡ። አሥሩን በማመልከቻ ፎርሙ በስልክ፣ አሥሩን በኢሜይል፣ አሥሩን በእጅ።
3. ረቡዕ፦ በመልስ ወረቀታችሁ አርሙ። ስም፣ ስልክ፣ ዓመት፣ ልምድ። ስህተቱን በቁጥር ጻፉ።
4. ሐሙስ፦ ማጣሪያ፣ ጥሪ፣ የውጤት አሞላል። ለራሳችሁ ስልክ ጥሪ ላኩና እንዴት እንደሚነበብ እዩ።
5. ዓርብ፦ ቃለ ጉባኤ አትሙ። ኮሚቴው የሚፈርምበት አንድ ገጽ፣ የአመልካቾች ዝርዝር ከነውጤታቸው። የማይታተም ከሆነ ያው ሰው ተቀምጦ በማይክሮሶፍት ወርድ ሊገለብጠው ነው፣ ስህተቱም እዚያ ይገባል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ። ያኔ የቀጠራችሁት ጎበዝ ሰው የት ላይ ነው? ሶፍትዌሩ ደረጃ የሚሰጥ ከሆነ ስንተኛ አደረገው? ብዙዎቹ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አመልካች ይደረድራሉ። ጎበዛችሁን 25ኛ ካደረገው ያንን ነገር ዝጉት፣ ሌላውን ክፍል ግን መጠቀም ትችላላችሁ። የማይዘጋ ከሆነ ሶፍትዌሩን ተዉት።

ሳምንቱ መሃል መብራት ከጠፋባችሁ አትበሳጩ። ፈተናው ያ ነው። ስትመለሱ የጠፋውንና የተረፈውን ጻፉ።

ደረጃ 6። የቴክኒክ ሰዎቹን አስገቡ

ሶፍትዌሩ ሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ብቻ ከቀረ ይሞታል። ውጤት የሚሰጠው የቴክኒክ ኃላፊው ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ከፍቶ በአምስት ደቂቃ የአንድን ሰው ውጤት መሙላት መቻል አለበት። አጠገቡ ተቀመጡና ሰዓት ያዙበት። ከአሥር ደቂቃ ካለፈ በወረቀት ይሞላዋል፣ ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የውጤት ካርዱን አሳጥሩ። አራት ወይም አምስት መስፈርት። "የቴክኒክ ብቃት" የሚል መስፈርት አይኑር፣ ሁሉም 7 ነው የሚሰጠው። "የተሰጠውን የዳታቤዝ ጥያቄ ያለ እርዳታ ጽፏል" ወይም "የተበላሸውን ስዊች ምክንያት አግኝቷል" ዓይነት፣ ሁለት ሰው አይቶ አንድ መልስ የሚሰጥበት ይሁን። ጠያቂዎቹ የራሳቸውን ውጤት ሳያስገቡ የሌላውን እንዳያዩ አድርጉ። ይህ ቅንብር ከሌለው ታላቁ የሰጠውን ሁሉም ይከተላል።

ፈተና በኦንላይን ለመስጠት ከሃከርራንክ ወይም ከኮዲሊቲ (የፕሮግራም ፈተና ድረ ገጾች) ጋር መገናኘቱ ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ሰዓት ቆጣሪው ይቆማል? መስመር ተቋርጦ የተመለሰን ልጅ መልሶ ያስገባዋል? መልሱ አይደለም ከሆነ ቢሮ አምጥታችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ባለው ኮምፒውተር ፈትኑ፣ ውጤቱን ብቻ ሶፍትዌሩ ላይ አስገቡ። ቤቱ መብራት በመሄዱ የወደቀ ልጅ ፕሮግራም መጻፍ ስለማይችል አይደለም የወደቀው።

ደረጃ 7። ከመክፈላችሁ በፊት ውጡ

አዎ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መረጃችሁን ይዛችሁ መውጣት እንደምትችሉ ሞክሩ። "ሁሉንም አውጣ" የሚለውን ተጫኑ። መውጣት ያለበት ሰንጠረዡ ብቻ አይደለም፤ ሲቪዎቹ፣ ውጤቶቹና አስተያየቶቹም ጭምር ናቸው። ብዙዎቹ ሰንጠረዡን ሰጥተው ሲቪዎቹን ያስቀራሉ።

የወጣው የሲኤስቪ (ሰንጠረዡ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠበት) ፋይል በኤክሴል ሲከፈት አማርኛው የማይነበብ ምልክት ከሆነ አትደንግጡ፤ አልጠፋም። ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አስገባ የሚለውን ምረጡ፣ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ 8 አድርጉት። ይነበባል። ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳታቤዙ በላቲን ፊደል ቅንብር ተሠርቷል፣ አማርኛው ሲገባ ነው የጠፋው፣ አይመለስም። በራሳችሁ ሰርቨር ከሆነ አንድም አመልካች ሳታስገቡ በፊት ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (የማሪያዲቢ ሙሉ ዩኒኮድ ቅንብር) ቀይሩት።

ደረጃ 8። ውልና ሕግ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሲቪ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ሁሉ የሰው መረጃ ነው። ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሰርቨሩ የት አገር ነው? አመልካች ይሰረዝልኝ ሲል ከመጠባበቂያ ቅጂም ይሰረዛል? ውሉ ሲያልቅ መረጃው ስንት ቀን ይቆያል? መረጃው ከአገር የሚወጣ ከሆነ አዋጁ ስለዚያ ያስቀመጠውን የሕግ ሰው ያንብብላችሁ። ፎርሙ ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ ሲቪው ለምን እንደሚያዝና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚናገር፣ አመልካቹ የሚስማማበት።

ለዓመት አትፈርሙ። ለሦስት ወር፣ ካልተቻለ በየወሩ።

ደረጃ 9። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጥር

አንድ መደብ ብቻ ይዛችሁ ግቡ። ማስታወቂያውን በለመዳችሁት ቦታ አውጡ፣ ኢትዮጆብስ ይሁን፣ የቴሌግራም ቻናል ይሁን፣ የዩኒቨርሲቲው ቴዎድሮስ ግቢ ሰሌዳ ይሁን። ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ሊንክ ስጡት፣ ጎበዞቹ ከየት እንደመጡ ኋላ ታውቃላችሁ። የወረቀቱን መዝገብ ለዚህ አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያዙ።

የሚበላሹት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አመልካች ጥቂት ከሆነ፦ መደቡን አትውቀሱ። ፎርሙን በስልክ ሙሉት። ከአምስት ደቂቃ ከበለጠ ወይም አካውንት ክፈቱ የሚል ከሆነ እዚያ ላይ ነው የሚሸሹት። አካውንት መክፈቱን አንሱ፣ ጥያቄውን ወደ ስምንት አውርዱ።

አመልካች ከመጠን በላይ ከሆነ፦ ራሱ የሚጥል ማጣሪያ አታብሩ። አንድ ሊመለስ የሚችል የሙያ ጥያቄ ጨምሩ፣ የተመለሰበትን ብቻ ቀድማችሁ አንብቡ።

ጥሪ ያልደረሳቸው ሰዎች ከመጡ፦ ኢሜይሉ አይፈለጌ (ስፓም) ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ሻጩ ከራሳችሁ ዶሜይን (የድርጅታችሁ የድረ ገጽ ስም) እንዲልክ ያስተካክል፤ እስከዚያ ግን ለተጠሩት ሁሉ በስልክ ደውሉ።

ሰዎቻችሁ ወደ ቴሌግራም ከተመለሱ፦ አትቆጡ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደወጡ ጠይቁ። ሁልጊዜ አንድ የተወሰነ ቦታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ውጤት መሙያው። ያንን አሳጥሩ።

ላልተመረጡት፦ ቃለ መጠይቅ የደረሰ ሰው ሁሉ መልስ ያግኝ። በአማርኛ፣ በስሙ፣ አጭር። ጥሪውን የላከው ሶፍትዌር ይህንንም ይላክ፣ ግን ከመላኩ በፊት አንድ ሰው ዝርዝሩን ያንብበው። አንድ ጊዜ ለተቀጠረችው ልጅ "አልተመረጡም" የሚል ሄዶባት በማግስቱ ሌላ ቦታ ፈርማለች።